ከአዳኝ አንገት የማትወርድ ዕቃ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

በጅምላ እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ በጅምላ ሲጠይቁህ በጅምላ «ደህና ነኝ» ብለህ የምታመልጥ ሰው ነህና በችርቻሮ ልጠይቅህ። ያ ሲነጋጋ የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ቤቱን ሁሉ ከዶሮ ቀድሞ ይቀሰቅሳል? አጥር ስትዘል የጠመዘዝከው ቁርጭምጭሚትህስ? እማዬ ጉልበቷ እንዴት ነው? አባባ የቀረችው አንዲት ጆሮው ትሰማለች ወይስ እሷም እንደ ጓደኛዋ ጡረታ ወጣች? እህታችን፣ ልጆቿ፣ ባሏ፣ ውሻው ሳይቀር እንዴት ናችሁ? እኔ በእግሬ ደህና ነኝ፣ በጀርባዬ ደህና ነኝ፣ ሆዴም የሚገባበት ነገር እስካገኘ ድረስ ቅሬታ የለውም። የቀረውን ደብዳቤው እየቆየ ይነግርሃል፤ እኔ ነገር ከፊት ለፊቱ የምጀምር ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ቆሜ አንድ ጊዜ፣ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የወፍጮ ቤቱን ሥራ ትተህ አዳኝ ሆነሃል ማለት ነው። እሰይ! ከወፍጮ ቤት የወጣ አዳኝ ሌላው ቢቀር ከሩቅ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ አውሬው ለመሸሽ በቂ ጊዜ ያገኛል። ከርከሮ በቆሎውን ስለፈጀ ገበሬዎቹ ተሰብስበው በሙሉ ድምፅ መረጡኝ ብለሃል። ከርከሮዎቹ ስብሰባው ላይ አልተጠሩም እንጂ ቢጠሩ እነሱም አንተኑ ነበር የሚመርጡት።

ታዲያ «ትልልቆቹ አዳኞች ሜዳ ሲወጡ ከአካላቸው የማይለዩአቸው ምን ምን ዕቃዎች ናቸው? ዝርዝሩን ጻፍልኝ፣ የቻልከውንም ላክልኝ» ትለኛለህ። ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል፣ እንደማይረባ ነገር፣ «ዕቃውን የሚሸከምልኝ እንቅልፌ ነው፤ እኔ እንደ ጌቶቹ ጠመንጃዬን ብቻ ይዤ እጄን እያወዛወዝኩ እሄዳለሁ» ብለሃል። እዚህ ጋ ስደርስ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ሳቄን ያስቀረው የእህታችን ባል በገዛ ሠርጉ ቀን ሙሽራዋ አጠገብ ተቀምጦ ያንኮራፋ፣ «እንቅልፌ» የሚለውን ስሙንም ያን ዕለት ያገኘ ሰው መሆኑ አይደለም። ለምን እንደቀረ ልነግርህ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የማባክነው።

መጀመሪያ ትንሿን ኃጢአት ልናዘዝ፣ ትልቋ ትከተላለች። «አደን ሰፈር ነው የምሠራው» ብዬ ስጽፍላችሁ እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አዳኝ ሆነ» ብላ እንዳወራች ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም ብያለሁ። ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የገደልኩት ነገር ቢኖር ትንኝ ብቻ ነው። ተሸካሚ ነኝ። የሌላ ሰው ሻንጣ አዝዬ ከአንድ አዳኝ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። አዳኞቹ ጠበቃ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው፤ ሳምንቱን ወንበር ሲያሞቁ ይሰነብቱና ሁለት ቀን አራዊት ሊያስደነግጡ ይመጣሉ።

የምንውልበት ዕቃ ቤት ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ማንጠልጠያዎች አሉ፤ በየማንጠልጠያው አንድ ሻንጣ፣ ከየሻንጣው ሥር አግዳሚው ላይ አንድ ተሸካሚ። ሻንጣውም ተሸካሚውም በአንድ ቁጥር ይጠራሉ። ቤቱ የጠመንጃ ዘይትና የረጠበ ካልሲ ይሸታል። የእኔ ቁጥር አሥራ አራት ነው።

እንግዲህ ለዝርዝሩ ጆሮህን ስጠኝ። ታላቅ አዳኝ ያለ እነዚህ ዕቃዎች ከደጃፍ አይወጣም። ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አለው፤ መነጽሩ ያቀረበው ነገር ስንት ሜትር እንደሚርቅ የሚናገር መለኪያም አለው፤ ካቀረቡት በኋላ መልሶ ማራቅ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳይ በጡጦ የሚረጭ ዱቄት አለ፤ ይህ አንተን አይመለከትህም፣ ፀጉርህን ማራገፍ ይበቃሃል። የሰው ጠረን የሚያጠፋ ውሃ አለ፤ እሱን ተረጭተው ሲያበቁ ሲጋራ ያጨሳሉ። የሴት አጋዘን ድምፅ የሚያወጣ የጎማ ቱቦ አለ፤ አንድ ጠበቃ በእሱ ሲጣራ ውሎ የመጣለት ሌላ አዳኝ ብቻ ነው፣ ያውም በበኩሉ እየተጣራ። ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ፣ እሱ ቢደክም ኮምፓስ፣ ኮምፓሱ ቢጠፋ ካርታ አለ፤ ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው ግን ሻንጣ ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸግሯል። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ከነትርፍ ባትሪ ድንጋዩ፤ ሁለት ቢላዋ፣ አንዱ ለመግፈፍ አንዱ ፎቶግራፍ ለመነሣት፤ ሞረድ፣ ገመድ፣ ላይተር፣ ኮዳ፣ ብስኩት፣ የዝናብ ልብስ፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ እጅ የሚያሞቅ ከረጢት፣ መገናኛ ሬዲዮ፣ ፋሻ፣ ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ የሕመም ማስታገሻ። በመጨረሻ ፊሽካ።

ይህ ሁሉ አዳኝ ከአካሉ የማይለየው ዕቃ ይባላል። ምሥጢሩን ልንገርህ? ከጠመንጃው፣ ከመነጽሩና ከፊሽካው በቀር አንዱንም አዳኙ አይዘውም። የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ነፍሱን እኔ ጀርባ ላይ ጭኖ ሃያ እርምጃ ቀድሞኝ ይሄዳል።

እዚህ ሰፈር «ዝላይ» የሚሉት ነገር አለ። ጎህ ሲቀድ እያንዳንዱ አዳኝ ግቢው ውስጥ ተሸካሚው ፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ ይዘላል። እስቲ አስበው፤ ከተማ ውስጥ ቀና ብለህ የማታያቸው፣ ቦርጫቸው ከእነሱ ቀድሞ ዘልሎ ከእነሱ በኋላ የሚያርፍ ሰዎች በመደዳ ቆመው ሲዘሉ! ሲዘሉ የቃጨለው ሁሉ፣ ቁልፍ ቢሆን፣ ሳንቲም ቢሆን፣ የቀበቶ ዘለበት ቢሆን፣ ይወልቅና ሻንጣ ይገባል፤ አውሬ ብረት ሲቃጭል ከሰማ አገር ለቆ ይሄዳልና። ከዚያ እንደገና ይዘላሉ። ጭር እስኪሉ ድረስ ይዘላሉ። አዳኙ እየቃጨለ ከወጣ የሚሰደበው እሱ አይደለም፣ ተሸካሚው ነው።

ፊሽካ ብቻ ከዚህ ሕግ ነፃ ናት፤ ከአዳኝ አንገት አትወርድም። ምክንያቱም ሌላ ሕግ አለ። አዳኙ መዳፉን ዘርግቶ ቁጭ በል ካለህ፣ ፊሽካ እስክትሰማ ድረስ ከሻንጣህ አጠገብ ንቅንቅ አትልም። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ባለፈው ዓመት አንድ ተሸካሚ ሳይጠራ ተነሥቶ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲሄድ አጋዘን መስሎ በጥይት አንድ ጆሮውን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ቁጭ በል የተባለ ሰው ሱሪው ቢቃጠል እንኳ ተቀምጦ ነው የሚቃጠለው። ፊሽካ የሰማ ደግሞ፣ የማንም ትሁን የማን፣ እየበላም ቢሆን እያንቀላፋም ቢሆን ብድግ ይላል። ለምደነዋል። እግራችን ከጆሮአችን ቀድሞ ይሰማል።

የእኔ ሰው የጥርስ ሐኪም ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴን ልብ በል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያነጋግሩህ ዓይንህን ሳይሆን አፍህን የሚያዩ ሰው ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመቱት አንድ ድኩላ ነው፤ እሱንም ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው ይቅርታ ሲጠይቁት አይቻለሁ። ብስኩታቸውን ከፍለው ይሰጡኝና ወዲያው «በል ተጉመጥመጥ» ይሉኝ ነበር። ሁለት ወር ያሰቃየችኝን መንጋጋ እዚሁ ዕቃ ቤት፣ አግዳሚው ላይ አስተኝተው፣ ሌሎቹ ተሸካሚዎች እግሬን ይዘው እየሳቁ ነቅለውልኛል። አንገታቸው ላይ ከውስጧ ትንሽ ፍሬ ያለባት የብረት ፊሽካ ነበረቻቸው።

አንድ ቀን ሐኪሙ መንገድ ላይ ቃጨሉብኝ። ስንመለስ ጓደኞቼ «ባለ ደወሉን በግ የሚነዳው እረኛ መጣ» እያሉ ሲስቁብኝ አመሹ። ሰው ሲስቅብኝ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ፤ እኔ ለመሳቅ እንጂ ለመሳቂያ አልተፈጠርኩም። በማግስቱ ዝላይ ላይ ልቤን ነገር ይዞታል። ሐኪሙ ዘለሉ፤ ቁልፋቸው ጮኸ፣ ወሰድኩ። ዘለሉ፤ የሳል ከረሜላቸው ቆርቆሮ ጮኸ፣ ወሰድኩ። ሦስተኛ ሲዘሉ ፊሽካዋ ከመነጽሩ ጋር ተጋጨችና ቅጭል አለች። ከመደዳው አንዱ እንደ በግ «ባ» አለ። እጄን ዘርግቼ ፊሽካዋን ከአንገታቸው አወጣኋት። «ኧረ እሷስ ትቆይ» አሉኝ። «ቦታው ስንደርስ እመልስልዎታለሁ» አልኩና ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። አንድ ጊዜ ዘለሉ፤ እንደ ጥጥ ጭር። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፣ እኔም እጅ ነሣሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ሐኪሙ ቀንድ አዩ፣ ወይም ያዩ መሰላቸው። ጎንበስ ብለው ወደ እኔ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ቁጭ አልኩ። ወደ ቁልቁለቱ ገቡ። እሳቸው ከመግባታቸው ጉም መጣ፤ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን የማላይበት ጉም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ሻንጣውን ተደግፌ ፊሽካ መጠበቅ ጀመርኩ።

አራት ሰዓት ሲሆን ድምፅ ሰማሁ። ቋ ቋ ቋ። ዝም። ቋ ቋ ቋ። ዝም። ግንደ ቆርቁር ናት አልኩ። ቆየት ብዬ ሳዳምጥ ሁልጊዜ ሦስት፣ ሁልጊዜ ሦስት። «ይህቺ ወፍ ትምህርት ቤት ገብታ ሦስት ድረስ መቁጠር ተምራለች፤ አራትን ስትደርስበት ሰው ትሆናለች» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ለጓደኞቼ የምነግራቸው ቀልድ አገኘሁ ብዬ በቃሌ ያዝኩት። ብስኩቱን አውጥቼ በላሁ። ተጉመጠመጥኩም። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ድምፁ እየዘገየ መጣ። ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ወፏ ተወችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ጉሙ መሳሳት ሲጀምር በርዶኝ ነበርና ክብሪት ፍለጋ ደረት ኪሴ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ጣቴ ብረት ነካ። ብረቱ ሞቋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የእኔን ደረት ስትሞቅ የዋለች ፊሽካ ናት። ወንድሜ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ እንድትጮኽ ስጠብቃት የነበረችው ከገዛ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ከተቀመጥኩበት ወርጄ እስካገኘኋቸው ድረስ ስድስት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ በኋላ ተመልሼ ቆጥሬዋለሁ። በጉሙ ውስጥ ጠርዙን ስተው የደረቀ ወንዝ ውስጥ ወድቀዋል። ጠመንጃቸው ከእጃቸው አምልጦ ከታች ቋጥኝ መሃል ቀርቷል። ጎድናቸው ስለተሰበረ መጮኽ አልቻሉም፤ ጭናቸው ተሰብሮ ደማቸው ፈስሷል። ስደርስ አልቀዋል። ቀኝ እጃቸው ድንጋይ እንደጨበጠ ነው፤ አጠገባቸው ያለው አለት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተፈርፍሮ ነጭ ሆኗል።

እኔ ጀርባ ላይ ፋሻ ነበር። ደም የሚያቆም ማሰሪያ ነበር። የሕመም ማስታገሻ ነበር፣ እጅ የሚያሞቅ ከረጢት ነበር፣ ሬዲዮ ነበር፣ ከሳተላይት ጋር የሚያወራው መሣሪያ ነበር። ወንበር ሳይቀር ነበር። ፊሽካዋን አውጥቼ ነፋሁ፤ በሸለቆው ዙሪያ ያሉ ተሸካሚዎች ሁሉ ከየጥሻው ብድግ ብድግ አሉ፤ አዳኞቻቸውም አውሬ አስደነገጥክ ብለው ከየአቅጣጫው ሰደቡኝ።

የሰፈሩ አዛዥ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክፋት እንኳ የሚሠሩብህ መጀመሪያ ወንበር ስበው ካስቀመጡህ በኋላ ነው። ወንበር ሳቡልኝ። እውነቱን ከዝላዩ ጀምሬ ነገርኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና አስቀድመው የተጻፈ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። ወረቀቱ ፊሽካው ከሰፈር ሲወጡ በሟች አንገት ላይ እንደነበረ፣ ሟችም በራሳቸው ጥንቃቄ ጉድለት መንገድ ላይ አውልቀው እንደጣሉት ይናገራል። «ሙት አይከሰስም፤ አንተ ግን ትከሰሳለህ፣ ሰፈሩም ይዘጋል፤ ሃያ ሁለት ተሸካሚ ከነቤተሰቡ ይበተናል። ለሃያ ሁለት ቤት ስትል ፈርም» አሉኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬ እንዴት እንደምታምር ታውቃለህ፤ ጅራቷን እንኳ አልረሳሁም። ለሃያ ሁለት ቤት ብዬ ነው ልልህ ነበር። የፈራሁት ለአንዱ ቆዳ፣ ለራሴው ነው።

ቀደም ብዬ ከትንኝ በቀር አልገደልኩም ብዬሃለሁ። መስመሯን ልሰርዛት እስክሪብቶ አንሥቼ ተውኩ፤ ውሸቴንም አብረህ አንብባት።

ነገ ልጃቸው ሻንጣውን ልትረከብ ትመጣለች ተብሏል። የማስረክባት እኔ ነኝ፤ ሻንጣውና እኔ አንድ ቁጥር ነን። ፊሽካዋ አሁንም ደረት ኪሴ ውስጥ ናት። ልጥላት ወንዝ ዳር ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። እስቲ ነገን አይቼ ልቀጥልልህ።

ይኸው ደብዳቤውን ካቋረጥኩ አራት ቀን ሆነኝ።

ልጃቸው መጣች። የአባቷ ግልባጭ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስታነጋግርህ አፍህን የምታይ። በዕቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሻንጣውን ዘርግፌ አንድ በአንድ አስረከብኳት። አዛዡ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሐዘን የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ ለጥፈው በር ላይ ቆመዋል። የነፋሱን ዱቄት ስታይ ፈገግ ብላ «ይህችን እኔን ለማሳቅ ነው የገዛት» አለች። ኮምፓሱን ከፍታ ዘጋች። ፋሻው ጋ ስትደርስ ማሸጊያው አለመቀደዱን አየች፣ መልሳ አስቀመጠችው። በመጨረሻ «አንድ ዕቃ ጎድሏል» አለች። አዛዡ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ወረቀቱን አነበቡላት።

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች። በማን? በአባቷ። «ፊሽካዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አንገቱ ላይ ያጠለቅሁለትም እኔ ነኝ። ከአንገትህ ብታወርዳት አልታረቅህም ብዬው ማለልኝ። ዋሸኝ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜው እንደ ሕፃን ዋሸኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኛ ሳይሆን ለሻንጣው፣ «አሁን ተቆጥቼ እንዴት ላልቅስለት?» አለች።

ሙት አይከሰስም ብለውኝ ነበር። ይኸው ዓይኔ እያየ ሙት ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ልጁም ተቀማች። የቆመበት ምስክር እኔ ነኝ፣ ያውም ጅራቷ ባማረ ፊርማ። አዛዡ በዓይናቸው ያዙኝ፤ ዓይናቸው «ሃያ ሁለት» ይላል። እኔ እጄን ደረት ኪሴ ከተትኩ፤ ፊሽካዋን ከኮምፓሱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። «አልዋሹሽም፤ እሷስ ትቆይ ብለውኝ ነበር። ያወለቅኋት እኔ ነኝ» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ዝላዩን፣ ጭብጨባውን፣ መዳፋቸውን፣ ጉሙን፣ ብስኩቱን። ወፏ ጋ ስደርስ አፌ እምቢ አለኝ። ሳይነገራት እንዳይቀር ጠረጴዛውን በጣቴ አጥንት መታሁላት። ሦስት። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ሁለት። አንድ ላይ ሳልደርስ እጄን በመዳፏ ተጭና አስቆመችኝ።

ከዚያ ፊሽካዋን አነሣች፣ ፍሬዋን አንቀጫቀጨቻት፣ አፏ ላይ አድርጋ ነፋች። አንድ ጊዜ፣ በረጅሙ። ከሩቅ ትሰማ እንደሆነ ልትሞክራት መሰለኝ። ውጭ ግቢው ውስጥ ማሰሪያ የሚጠግነው፣ ካልሲ የሚያሰጣው፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚያንቀላፋው፣ ሃያ አንዱም ተሸካሚ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ። በመስኮቱ አየናቸው። አንዱ ሳህኑን እንደያዘ ነው። ወዴት እንደሚሮጡ ሳያውቁ ቆመው ወደ ዕቃ ቤቱ ያያሉ። እሷ እነሱን አየች፣ እኔን አየች። «ትሰማለች» አለች። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ሻንጣውን ታዝል ጀመር። ላግዛት እጄን ብሰድ «ተወው፣ የራሴን እኔ እሸከማለሁ» አለችኝ። ከበሩ ሳትርቅ ስታለቅስ ሰማኋት። እንደ ሰው አባቷን ስታለቅስ።

አዛዡ በዚያ ቀን ወንበር አልሳቡልኝም። ከሥራ ወጥቻለሁ፤ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሌ እስከ ወሩ መጨረሻ መቆየት ትችላለህ ተብያለሁ። ፖሊስ ቃሌን ተቀብሎ ስንጠራህ ትመጣለህ ብሎ ለቆኛል፤ ሳልጠራ እንዳልነሣ መሆኑ ነው፣ ልምዱስ አለኝ። እስር ይሁን ምን ይሁን አላውቅም። ጓደኞቼ ገሚሱ ሰፈሩን ልታዘጋብን ነው ብለው አያናግሩኝም። ትናንት ግን ያ «ባ» ያለው ሰውዬ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ፤ ዓይኔን ሳያይ፣ ከእንግዲህ ቃጨለች አልቃጨለች ፊሽካ ከአዳኝ አንገት ያወለቀ ሰው አብሮን አይበላም ብለው እንደተስማሙ ነገረኝና ሄደ።

ስለዚህ የጠየቅከኝን ዕቃ አልልክልህም። ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ለኳስ ዳኛ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ከዚያ የገዛኋት ቀይ የፕላስቲክ ፊሽካ ፖስታው ውስጥ አለችልህ። አንገትህ ላይ እሰራት። ትቃጭል እንደሆነ ትቃጭል፤ ከርከሮው ይሽሽ፣ ደግሞም በቆሎውን እስከተወ ድረስ ሸሸ ሞተ ለገበሬው አንድ ነው። ፋሻህን በገዛ ኪስህ፣ ቢላህን በገዛ ቀበቶህ፣ ውሃህን በገዛ ትከሻህ ያዝ። እንቅልፌ ብርድ ልብሱን ይሸከም፤ እሱ ይስማማዋል።

አባባ ድሮ ከሰው ጋር ጫካ ሲገባ በየመቶ እርምጃው «አለህ?» ብሎ ይጮኽ እንደነበር ታስታውሳለህ። «አለሁ» ካልተባለ አውሬው አፍንጫው ሥር ቢሆን እንኳ ጥሎት ሰውየውን ፍለጋ ይመለስ ነበር። እኔና አንተ ከጓሮ ሆነን በድምፁ እየቀለድን እንስቅበት ነበር። በዕድሜው ሙሉ የገደለው ሁለት ከርከሮ ነው። ሰው ግን አንድም አልጎደለበትም። ታላቁ አዳኝ ቤታችሁ ቁጭ ብሎ ሳለ አንተ ዝርዝር ከእኔ ትጠይቃለህ።

በል ሰላምታዬን ለየባለቤቱ አድርስልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ስታነብላት ወፏን እለፋት ልልህ ነበር፤ አይ፣ አትለፋት፣ አንብብላት። ልጅሽ አዳኝ አይደለም በላት፤ ለጎረቤት ያወራችውን ራሷ ታርመው። እህታችንን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ ልጆቿ የፊሽካዋን ማሰሪያ እንዳይበጥሱብህ አደራ፣ እንዲነፉ ግን ፍቀድላቸው፣ ጆሮአችሁ ይልመድ። ውሻውን ጀርባውን እከክልኝ። አባባ ጋ ጠጋ ብለህ፣ በደህናዋ ጆሮው በኩል ጮኽ ብለህ፣ «አለሁ ብሎሃል» በልልኝ።

እንቅልፌን ደግሞ ለብቻው አስቀምጠህ፣ ዓይኑን መግለጡን አይተህ ንገርልኝ። ሃያ እርምጃ ከኋላህ ቁጭ ብሎ ሳለ ፊሽካ ባይሰማም፣ ማንም ባይጠራውም፣ ዝምታው ከበዛ ይነሣ። ወፍ ሦስት ድረስ አትቆጥርም። ከቆጠረች ሩጥ በልልኝ።

ወንድምህ
ከአደን ሰፈሩ፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል
ኅዳር ፳፬ ቀን